ቀድሞ የተለቀሰላቸው

በእግራቸው ቁስል የገባ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ደማቸውን መርዞት ወይዘሮ ስንዱ ሆስፒታል በገቡ ማግስት፣ በሽተኛ ይተርፍ እንደሆነ የሚተነብየው የሆስፒታሉ ማሽን «አይተርፉም» አለ። ማሽኑ እንዲህ ካለ ደግሞ ሕጉ መድኃኒቱ ይቁም፣ ለቅሶውም ሥራ እንዳያስፈታ ሞቱ ሳይጠበቅ ወዲያው ይለቀስ ይላል።

በዘጠነኛው ቀን በእግራቸው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ አልጋቸው ተፈታቶ፣ ልብስና ጫማቸውም ለነዳያን ተሰጥቶ ጠበቃቸው። ልጃቸው ባሕሩ በር ላይ ደርቆ ቀረ።

«እማዬ፣ ማሽኑ እኮ ተሳስቶ አያውቅም።»

«እንዴት ብሎ ይሳሳታል? አይተርፍም ያለውን ሁሉ መድኃኒት እየከለከላችሁለት።»

እሳቸውን ያተረፈቻቸው ፔኒሲሊኑን በድብቅ የቀጠለችላቸው ነርስ ናት። ለዚህም ጥፋቷ ዛሬ ከሰዓት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች።

«ለመሆኑ አለቀስክልኝ?» አሉት።

ባሕሩ አቀረቀረ። «የተፈቀደልን ግማሽ ቀን ነበር።»

«በጣም ደክመሃላ።»

ሳይቀመጡ፣ የሆስፒታሉን ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ለነርሷ ሊመሰክሩ ወደ በሩ ዞሩ።

«እማዬ፣ መዝገቡ ላይ ሞተሻል። የሞተ ሰው ምስክርነት አይቀበሉም።»

«አይቀበሉ። ፊቴን እያዩ ሞታለች ብለው ይጻፉ» አሉና ወጡ።