መጨረሻውን ማን አወራ

እንደማታምኑኝ ከወዲሁ እምላለሁ። ያላመነኝ ግን አይፈር፤ እኔም ስሰማው አላመንኩም ነበር።

ሦስት ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሰዓሊ፣ ፀጉር አስተካካይና ልብስ ሰፊ። ያገናኛቸው አንድ ፊልም ነው። አንድ ሰውዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ጓደኛውን የሚጠብቅበት ፊልም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕዝቡ እየተሳደበ ወጣ፣ ትኬት ቆራጩ ወጣ፣ የሲኒማ ቤቱ ድመት ሳትቀር ወጣች። መብራት ሲበራ የቀሩት እነሱ ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም እንባቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

ከዚያ ወዲህ አስራ ሁለት ዓመት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ተሰብስበው ይከራከራሉ።

"ሰው ሁሉ የሚወደው ፊልም ባለ እንጨት ከረሜላ ነው። መጥጠህ ስትጨርስ እንጨቱን ትጥላለህ" ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

"አንተ ደግሞ ሰው ሁሉ የጠላውን ካልወደድክ ምግብ አይበላልህም" ይለዋል ሰዓሊው። "ለመሆኑ ያን ሰውዬ እስከ መጨረሻው ምን አቆመው?"

"ጓደኛውን አምኖ ነዋ።"

"ኮቱ ትከሻው ላይ ተበላሽቷል" ይላል ልብስ ሰፊው። "እኔ ሰፍቼለት ቢሆን እስከ ዛሬም በቆመ።" እሱ ፊልም የሚያየው በልብሱ ነው።

የሰዓሊው መተዳደሪያ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ያለው የሲኒማ ቤቱ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ሁለት ቤተሰብ ያስተኛል። ሮብ ሮብ ባለ ሲኒማው መጨረሻውን እንዳይናገር አስምሎ አዲሱን ፊልም ለብቻው ያሳየዋል። ከዚያ ሰዓሊው ይስላል፤ አርብ እኩለ ቀን ሰሌዳው ይሰቀላል። ቀለም የሚሰፈርለት በጠርሙስ ክዳን ነው። እሱም ቢሆን ስስታም ነው፤ በተለይ ወርቅማዋን ቀለም ለማይበረክት ነገር አያወጣትም።

መሐላውን የሚያፈርሰው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሐሙስ ጢሙን ሲላጭ። ምላጭ ለያዘ ጓደኛው ጉሮሮውን የሰጠ ሰው አንዲት ወሬ ምን ይሰስታል? መጨረሻውን ሹክ ይለዋል። ፀጉር አስተካካዩም "ሆዴ መቃብር ነው" ይለዋል።

ነገር የተበላሸው በካፒቴኑ ፊልም ነው። ሰሌዳው ላይ የካፒቴኑ ስድስት ወርቅማ የኮት ቁልፎች ፀሐይ ሲያርፍባቸው የሾፌር ዓይን ያጠፋሉ፤ ከኋላው ጓደኛው ኮቱን ነፋስ ገልቦት ይሮጣል። ገና ሳይመሽ ሰፈሩ "ጓደኛው ይሞታል" አለ። ቅዳሜ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ሆነ። በሳምንቱ የሁለቱ ወንድማማቾች ፊልም መጣ፤ ታናሹ እንደ ፋኖስ ሲያበራ ታላቁ ደረቱን ለብርድ ሰጥቶ ቆሟል። ሰፈሩ "ታላቁ ይሞታል" አለ። ያን ፊልም ድመቷ ብቻዋን አየችው።

ባለ ሲኒማው ሰዓሊውን ጠራው።

"ከእኔና ካንተ በቀር ያየው የለም። እኔ የገዛ ገበያዬን አልገድልም። ሦስተኛ ከተደገመ ብሩሽህን ይዘህ ትወጣለህ።"

ሰዓሊው ሌላ ሙያ የለውም። አሰበ። ለሚስቱ አልነገራትም። ለልብስ ሰፊውም አንድም ቀን ተንፍሶ አያውቅም። አንድ ሰው ቀረ።

ሐሙስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና "በአዲሱ ፊልም ዳኛው ይሞታል። ካንተ በቀር የሰማ የለም" አለው። አርብ ስድስት ሰዓት ሰሌዳው ተሰቀለ። ስምንት ሰዓት ላይ አትክልት ሻጯ ሳትቀር "አይ ዳኛው፣ አለቀለት" ትላለች።

ሰዓሊው ፀጉር ቤቱ ገባ።

"ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ አሉ። አንተስ ጥለህ ረገጥከኝ።"

"ምን አደረግኩህ ወንድሜ?"

"ሰፈሩ ሁሉ ዳኛው ይሞታል ይላል።"

"እኔም ከደንበኛ ሰማሁ። ገርሞኝ ነው ያለሁት።"

"ካንተ አፍ ወጥቶ በደንበኛ አፍ ተመለሰልህ?"

"አስራ ሁለት ዓመት ምላጬ ጉሮሮህ ላይ ሲመላለስ አንድ ቀን ደም አይተሃል?"

"ዛሬ አየሁ" አለ ሰዓሊው።

ከዚያ በቀጥታ ባለ ሲኒማው ዘንድ ሄዶ ስሙን ጠራለት። ፀጉር ቤቱም የባለ ሲኒማው ነበርና፣ በሳምንት ውስጥ እንዲለቅ ተነገረው። ልብስ ሰፊው ስለ ጠባቸው ሲጠይቅ ሰዓሊው "በዝናቡ ፊልም ተጣላን" ብሎ አለፈው፤ ሁለት ጓደኛ ባንድ ጊዜ ማጣት አስፈርቶታል። ሌላ ሰው አንገቱን እንዲነካው ስላልፈለገ አልተላጨም፤ ጢሙ በሰባት ቀን እምብርቱ ደረሰ ቢሏችሁ አትከራከሩ።

በሳምንቱ አርብ ሰዓሊው መሰላል ላይ ሆኖ አዲሱን ሰሌዳ ሲሰቅል የጭነት መኪና በሥሩ አለፈ። ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ወንበሩንና መስታወቱን ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ እየሄደ ነው። ቀና አላለም። ሰዓሊው ጢማሙን ፊቱን በመስታወቱ ውስጥ አየው፤ መኪናው ታጠፈ።

ወርዶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። አሁን ሁሉንም ተናገረ፤ ሹክታውን፣ ወጥመዱን፣ ስም መጥራቱን። "ወንድሜ ያልኩት ሰው ሸጠኝ" አለ። "ከእንግዲህ ማን እንደሚያወራ እናያለን።"

ልብስ ሰፊው መርፌውን ከከንፈሩ አወጣ። ቀና ብሎ አዲሱን ሰሌዳ አየ፣ መኪናው የታጠፈበትን መንገድ አየ፣ ከዚያ አመለጠው፦

"እኔ ነኝ እኮ ለደንበኞቼ የምነግራቸው፤ ለሚሞተው ሰውዬ ኮቱ ላይ ቁልፍ ስለህለት አታውቅም።"