ግልገል የሌላት ፍየል ወተት

ከደም የተለየ አንድ ጠብታ ሴረም፣ አንድ ጠብታ ቀይ መመርመሪያ ፈሳሽ። በስንጥር አደባልቃቸዋለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ ነጩን ሳህን በግራ እጄ ማወዛወዝ እጀምራለሁ። አራት ደቂቃ። ፈሳሹ ልሙጥ ሆኖ ከቆየ ከእንስሳ ወደ ሰው የሚጋባው፣ ጽንስ የሚያስወርደው በሽታ የለም፤ ደቃቅ አሸዋ የተበተነበት ከመሰለ አለ።

ከመስኮቱ ማዶ፣ አግዳሚው ላይ፣ የሻምበል የምትባለው ሴት ተቀምጣለች። ደም ስቀዳት የሰጠኋትን ጥጥ ክንዷ ላይ እንደያዘች ነው። ሃያ አራት ዓመቷ። ሦስት ጽንስ ጨንግፎባታል፣ ሦስቱም በስድስተኛው ወር። አራተኛውን አምስት ወር አድርሳዋለች። ማታ ማታ ያተኩሳታል፣ ወገቧን ያማታል። ከሐኪሙ የመጣው ወረቀት የሚለው ይህን ነው።

አማቷ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ግን አልተቀመጡም። ከዝቋላ ወረዳ ሰቆጣ ሆስፒታል ድረስ ይዘዋት የመጡት እሳቸው ናቸው። መስኮቱን ተደግፈው እጄን ይመለከታሉ።

«የምን እህል ነው የምታንገዋልል?» ይላሉ።

ፈገግ እላለሁ። በቀኝ እጄ ወረቀቱን ወደ እኔ እስባለሁ። ሐኪሙ ሳይሞላቸው ያለፋቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ፤ እኔ ደግሞ ባዶ ቦታ አልወድም። የመጀመሪያው ጥሬ ወተት ትጠጣ እንደሆነ ይጠይቃል።

የሻምበል አንገቷን ትደፋለች። የሚመልሱት አማቷ ናቸው፣ በኩራት። ጥሬውን እንጂ ሌላ ምን ልትጠጣ ኖሯል። ጤና ኬላ ያለችው ልጅ አፍሉት እያለች በየቤቱ ትዞራለች፤ እሳቸው ግን እሳት ያየ ወተት ጉልበት እንደሌለው ያውቃሉ። ወተቱ ከተፈላም ፍየሏ ትነጥፋለች። ደግሞ ቅሉን በወይራ አጥነው ነው የሚያልቡበት፣ ቆሻሻ አይጠጋውም። ሳይበርድ ነው የሚሰጧት። በጾም እንኳ የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደው አስፈቅደውላታል።

ማፍላት የሚገድለው ጀርሙን እንጂ ጉልበቱን እንዳልሆነ፣ የወይራ ጭስ ደግሞ ጀርሙን እንደማይገድለው እነግራቸዋለሁ። በትዕግሥት ይሰሙኛል።

«አንተ የተፈላ ነው ጠጥተህ ያደግኸው?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«ታስታውቃለህ» ይላሉ ቀጭን ክንዴን እያዩ።

የሻምበል በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ትስቃለች። ከመጡ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ፈሳሹ ገና ልሙጥ ነው።

ሁለተኛውን ጥያቄ አነባለሁ። ከቤታቸው እንስሳት መካከል የጨነገፈ ነበረ?

«ታዲያ የየትኛዪቱን ወተት የምትጠጣ መሰለህ?» ይላሉ። «የጨነገፈችቱን ነዋ።»

ሳህኑ እጄ ላይ ይቆማል።

ቀስ ብለው ያስረዱኛል፣ ለከተማ ልጅ እንደሚያስረዱት። ከድርቁ ዓመት ወዲህ መንጋው ተመናምኗል። ግልገል ያላት ፍየል ወተቷ የግልገሏ ነው፤ ከሱ ነጥቆ ለሰው መስጠት መንጋውን መጨረስ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ሞቶ የወጣባት ግን ጡቷ ይሞላል፣ የሚጠባት የለም። የዚያችን ወተት ነው ለየሻምበል የሚለዩላት። ከቤቱ ሰው ሌላ ማንም አይነካውም፣ ልጃቸው፣ ባሏ እንኳ። እሳቸው አንዲት ጉንጭ ቀምሰው አያውቁም።

ማወዛወዙን እቀጥላለሁ። ሦስት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ላይ በጠርዙ በኩል ደቃቅ ነገር ይታየኛል። ወደ ብርሃኑ አዘነብለዋለሁ። አሸዋው እስከ መሃል ይመጣል። ውጤቱ ከእንግዲህ እንደማይለወጥ ባውቅም አራቱ ደቂቃ እስኪሞላ እጠብቃለሁ።

«ምን አለ?»

ውጤት የሚናገረው ሐኪሙ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። መድኃኒት የሚገኝለት ነገር ነው እላለሁ፤ ይህ እውነት ነው። ይህኛው ጽንስ ይቆይላት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ያንን አልናገርም።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ወረቀቱን ያያሉ። ማንበብ አይችሉም። ብዕሬ የቆመበትን ቦታ ግን አይተዋል።

«ስለ ፍየሏ ለምን ጠየቅኸኝ?»

ብዕሬን ከወረቀቱ ላይ አነሳለሁ።

ፊታቸውን ከኔ ያዞራሉ። ጣታቸውን እየያዙ በኽምጣኛ መቁጠር ይጀምራሉ፣ ለራሳቸው። የአባቴ ቋንቋ ስለሆነ እሰማለሁ። ነጯ ፍየል የጨነገፈች ዓመት፤ የየሻምበል የመጀመሪያው ጽንስ። ቦራዋ የጨነገፈች ዓመት፤ ሁለተኛው። ዳለቻዋ ከነእናቷ፣ ያን ዓመት ወተቱ ብዙ ነበር፤ ሦስተኛው። አራተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ጣቱን እንደያዙ ይቀራሉ።

«እምዬ» ትላለች የሻምበል። «ይቀመጡ።»

አይቀመጡም። የቀሚሳቸውን እጅጌ ይሰበስቡና ክንዳቸውን በመስኮቱ ያስገባሉ።

«የኔንም ቅዳ።»

ሐኪም ያዘዘልዎ ወረቀት የለም እላለሁ። ወተቱንም አልጠጡም። ክንዳቸው ካለበት አይነሳም። ሞተው የወጡትን ግልገሎች በባዶ እጅ ነክተው እንደሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ሁሉንም ስበው ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማን አለና።

«እንግዲያው በሽታው በእጅም ሊገባ ይችላል» እላለሁ።

«ይችላል?»

ቀና ብለው ያዩኛል። በዚህ መስኮት ዘጠኝ ዓመት ቆሜያለሁ፤ ውጤት የሚጠብቅ ሰው የሚመኘውን ከፊቱ ለይቼ አውቃለሁ። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የሚመኙት በሽታው እንዲገኝባቸው ነው።

ጎማውን ከክርናቸው በላይ አስራለሁ። ይጨብጡ ከማለቴ በፊት ጨብጠዋል።