የሶፋ አዳሹ ምስክሮች

ሶፋ አዳሹ ለሱቁ የሦስት ወር ዕድሜ ሰጠው። እስከዚያ ሥራ ካልመጣ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበትን በር ቆልፎ ፋብሪካ ይገባና በሰው ሥር ስፖንጅ ይቆርጣል። ለእሱ ይህ ከሞት አይተናነስም።

የእህቱ ልጅ ሥራዋ፣ ንግድ ቤቶች ኢንተርኔት ላይ ሲፈለጉ ቶሎ እንዲገኙ ማድረግ ነው። የአጎቷን ጭንቀት ሰምታ ሱቁ መጣችና ስልኳን አሳየችው።

«ጋሼ፣ ሰው ሶፋ የሚያድስለት ሲፈልግ እርስዎ የሚመጡት አራተኛው ገጽ ላይ ነው። እዚያ ድረስ የሚወርድ የለም።»

«ስሜ እኮ ተጽፏል።»

«ምን ተብሎ? ‹የቤት ዕቃ ክብር ማዕከል›! ማነው ክብር ጠፋኝ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ?»

ሳቀ፤ ግን አፈረ። ስሙን ያወጣው ራሱ ነበር፤ ሚስቱ ያኔውኑ «ትንሽ አልበዛም?» ብላው ነበር።

ልጅቱ አዲስ ገጽ ሠራችለት። ሰው በሚጠይቅበት ቋንቋ «የተቀደደ ሶፋ እናድሳለን» ብላ ጻፈች። ሶፋዎቹ ከመታደሳቸው በፊትና በኋላ የተነሱትን ፎቶ፣ የሱቁን አቅጣጫና የሚከፈትበትን ሰዓት አስገባች።

«አሁን የቀረው የደንበኛ አስተያየት ነው» አለች። «የተመሰከረለትን ሱቅ ሰውም የኢንተርኔት መፈለጊያውም ያምነዋል። ደንበኞችዎን ይጠይቁ።»

መጠየቅ! ይህ ሰው የላቡን ዋጋ እንኳ አንገቱን ደፍቶ የሚቀበል ነው። አመስግኑኝ ብሎ ሰው ደጅ ከሚቆም ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ጠበቀ። ማንም አልጻፈም።

በሦስተኛው ሳምንት የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ራሱ ጻፈ። አንዴ የአራት ልጆች እናት ሆነ፣ አንዴ ጡረተኛ፣ አንዴ ሙሽራ። የሙሽራዋን ሲጽፍ ማንም ሳያየው ተሸማቀቀ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የሌሎች አስተያየት መምጣት ጀመረ። አምስት ሆኑ። አንዷ «ሶፋዬ ውስጥ ጠፍቶ የኖረውን የጆሮ ጌጤን አግኝቶ መለሰልኝ» ብላለች። እሱ የጆሮ ጌጥ የመለሰው ለአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ልጃቸው ትሆናለች ብሎ አለፈው። ሌላው «እጁ ወርቅ ነው፤ ሚስማር በአፉ ይዞ ሲሠራ ግን ያሳስበኛል» ይላል።

ምሳ ሲገባ የሱቁን ወሬ ሁሉ ለሚስቱ መተረክ ልማዱ ነው። አሁን ደግሞ አስተያየቶቹን ጮክ ብሎ ያነብላት ጀመር። የሚስማሩን ስትሰማ «አየህ፣ ሰውም ታዝቦሃል» አለችው።

የመጨረሻውን ሲያነብላት ደግሞ «አላጠረም?» አለች፣ ሳህን እያቀረበች።

«ኧረ ልክ ነው! ከልብ የወጣ ነገር እኮ ያስታውቃል።»

ገጹ ከአራተኛ ወደ አንደኛ ወጣ። ስልኩ እረፍት አጣ፤ የሱቁ በረንዳ ላይ አሮጌ ሶፋ ተደረደረ። ስለ ፋብሪካው የሚያነሳ ጠፋ። እሱ ግን ሥራው በደራ ቁጥር ሐፍረቱም ባሰ። አምስት ቅን ሰዎች እውነት በመሰከሩበት መሀል እሱ ሦስት ውሸት ሰግስጓል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው ተረት ሰሞኑን አላስተኛው ብሏል። ደንበኛ «የተጻፈልዎትን አንብቤ ነው የመጣሁት» ሲለው፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመኛል።

አንድ እሁድ የእህቱ ልጅ ለምሳ መጣች። ከምሳ በኋላ ላፕቶፗን ከፍታ አዲስ ሐሳብ አመጣች።

«አስተያየት የሰጡትን ስምንቱንም ቤታቸው ሄጄ ከነሶፋቸው ፎቶ አነሳቸዋለሁ። ሰው እውነተኛ ቤት ማየት ይወዳል። አድራሻቸውን ይስጡኝ።»

ሶፋ አዳሹን የሚጠጣው ውሃ ትን አለው።

«ምን በወጣቸው!» አለች ሚስቱ ፈጠን ብላ። «ሰው በገዛ ቤቱ ለምን ይረበሻል? ይቅርባችሁ።»

ሶፋ አዳሹ ሚስቱን አያት። ምንም ሳታውቅ እንኳ ልትደርስለት ትሞክራለች፤ እሱ ደግሞ ይህችን ሴት ነው በየምሳው ሲያታልላት የከረመው። ከዚህ በላይ መቻል አቃተው።

«ልጄ፣ ሦስቱን የጻፍኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «የአራት ልጆች እናቷም፣ ጡረተኛውም፣ ሙሽራዋም እኔ ነኝ።»

«ሙሽራዋም?» አለች ልጅቱ አፏን ይዛ።

«አትሳቂ። ሱቁ ሊዘጋብኝ ሆነ፣ ሰው መለመን ደግሞ አፈርኩ። አሁን ከዚያ የባሰ አፍሬያለሁ። አራተኛ ገጽ ብንመለስም እንመለስ፤ አጥፊልኝ። አምስቱ እውነተኞች ይበቁኛል።»

ልጅቱ ሦስቱን አንድ በአንድ አጠፋች። ሶፋ አዳሹ በረጅሙ ተነፈሰና ይቅርታ ሊጠይቃት ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ የተጸዳውን ጠረጴዛ እንደገና ትወለውላለች።

«የኔ ልጅ» አለች፣ ቀና ሳትል፣ «አምስቱንም አብረሽ አጥፊያቸው።»