የባለኮከቡ ቢላዎች

አጥንቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ተስፈንጥሮ መንገዱ መሃል ያርፋል። ቢላዋውን ወደ ፀሐይ አዙሬ ስለቱን በጥፍሬ እዳስሳለሁ። ጥፍሬን የሚይዘው ነገር የለም። አልተሸረፈም።

«እንዴት ነው?» ይለኛል ወዳጄ። አጠገቡ ቆሜ ሳለ ነው የሚጮኸው፤ የሚጮኸው ለእኔ እንዳልሆነም ሁለታችንም እናውቃለን።

«ሠላሳ ዓመት ሥጋ ስቆርጥ እንዲህ ያለ ቢላዋ እጄ አልገባም» እላለሁ፣ እኔም ጮክ ብዬ።

ቢላዋው ትናንት ነው ከእሳት የወጣው፣ ልጆቼ። ወዳጄ በራሱ ምልክት የሠራው የመጀመሪያው ነው። ጓሮው ውስጥ ልንሞክረው እንችል ነበር፤ እሱ ግን የሥጋ መክተፊያ ግንዱን አንከባሎ እዚህ አመጣው፣ መንገድ ዳር፣ ከታላቅ ወንድሙ ብረት ቤት ፊት ለፊት።

ወዳጄ እዚያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት ቀጥቅጧል። እሱ ይቀጠቅጣል፣ ታላቅየው የኮከብ ማኅተሙን ይመታበታል። ሰፈሩም ታላቁን «ባለኮከቡ» ብሎ ሾመው፣ ታናሹን «ወናፍ ነፊው» አለው። ባለፈው ክረምት ታናሽየው «የኔም ስም ይግባበት» ቢል፣ ወንድሙ በደንበኞች ፊት «አንተ ብረት ታሞቃለህ እንጂ መች ትሠራለህ» ብሎ አባረረው። እውነቱን ቢናገርም የሚያምነው አላገኘም። እኔ ራሴ ወዳጁ ሆኜ እንኳ አላመንኩትም ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ሰው ይሰበሰባል። ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ትመጣና ጎንበስ ትላለች።

«እነዚህ ሦስት ነጥቦች ምንድን ናቸው?»

«ምልክቴ ናቸው፣ እትዬ።»

«ኮከቡ ቢያቅትህ በነጥብ ቀረሁ በለኛ።» ሰው ይስቃል። ወዳጄም አብሮ ፈገግ ይላል።

ሳቁን ሰምቶ ባለኮከቡ ብቅ ይላል፤ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ እጁን እየጠራረገ። «ወናፍ ነፊ ቢላዋ ሠራ አሉ» ይላል። «አጥንትማ መጥረቢያም ይሰብራል። ሥጋ ሻጩ የኔን ቢላዋ ያውጣና ስለት በስለት ይሞከር።»

ወዳጄ አንገቱን ይደፋል። የፈራ ይመስላል፤ እኔ ግን ከጎን ነኝና ጥርሱን ሲነክስ አየዋለሁ። ሲጠብቀው የነበረውን ነው የሰማው።

ዘጠኝ ዓመት የቆረጥኩበትን ባለኮከብ ቢላዋ ከአፎቱ አወጣለሁ። ስለቱን ወደ ላይ አድርጌ ግንዱ ላይ አጠብቄ እይዘዋለሁ። ወዳጄ አዲሱን አንሥቶ ያሳርፍበታል። ክንዴ እስከ ትከሻዬ ይነዝረኛል።

ሁሉም ያጎነብሳል። አሮጌውም አዲሱም የሰናፍጭ ፍሬ ያህል ተሸርፈዋል፤ እኩል።

«አያችሁ» ይላል ባለኮከቡ፣ ወደ ሰዉ ዞሮ። «ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ ብረት ነው። የትናንት ልጅ አልበለጠውም።»

«ማን ነው የሠራው፣ ጋሼ?» ይለዋል ወዳጄ።

«ማን ይሠራዋል፣ ይኸው እጄ ነዋ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን። አንተማ ያኔ እሳቱንም በቅጡ አታነድም ነበር። እነዚህ ሁሉ ምስክር ናቸው።»

«ምስክርማ ናቸው።» ወዳጄ ወደ እኔ ይዞራል። «የአሮጌውን እጀታ አውልቀው።»

ነገሩ አይገባኝም። ደህና ቢላዋ ይዞ እጀታ የሚያወልቅ ማን አለ? ቢሆንም የእጀታውን አናት ከግንዱ ጋር አንዴ፣ ሁለቴ አጋጨዋለሁ። እንጨቱ ይላቀቃል፤ እጀታው ውስጥ ተሰክቶ የኖረው የብረቱ ጅራት ጠቁሮ ይወጣል። ምራቄን እንትፍ ብዬ በአውራ ጣቴ አሸዋለሁ።

ሦስት ነጥቦች።

ልብስ ሰፊዋ ከእጄ ትቀበለኝና ከአዲሱ ጎን ታስጠጋዋለች። አንዴ ይኸን፣ አንዴ ያን ታያለች። «አይ ወናፍ ነፊው…» ብላ ትጀምርና ታቆመዋለች።

«የሠራኋቸው ሁሉ አላቸው» ይላል ወዳጄ። አሁን አይጮኽም። «እሱ ኮከቡን ይመታል፤ እጀታ ማግባትን ንቆ ለእኔ ነበር የሚተወው። እጀታውን ሳላስገባ በፊት ነጥቦቹን እመታባቸው ነበር።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ዝም አልክ?» እለዋለሁ።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። በመጀመሪያው ዓመት ብናገር ኖሮ ያቺን አንዷን ይደብቃት ነበር። አሁን በየቤቱ ገብተዋል። የቱን ይደብቃል?»

ልብስ ሰፊዋ «እኔም ቤት አለ» ብላ ትሄዳለች። ዳቦ ጋጋሪው ይከተላታል፣ ጫማ ሰፊው ደግሞ ከሳጥኑ ሥር የራሱን ቢላዋ ያወጣል። ወዲያው ከየበሩ የእንጨት ኳኳታ ይሰማል። «አለው» ይላል አንዱ። «የኔም አለው» ትላለች ሌላዋ፣ ከመስኮት። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል፤ ለእናንተ መዋሸት አልችልም፣ ልጆቼ። ወዳጄ ግን ወደሚጠሩት አይዞርም። ከወንድሙ ላይ ዓይኑን አይነቅልም።

ባለኮከቡ ወደ ብረት ቤቱ ይገባል፤ በሩ ክፍት ስለሆነ ይታየኛል። ከብረት መቀጥቀጫው መስፍ በላይ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ትልቁን ቢላዋ ያወርዳል፤ ለመጣ ለሄደው «የእጄ ቁንጮ ይሄ ነው» እያለ የሚያሳየውን። መስፉ ላይ ያጋድመውና መዶሻውን ያነሣል፣ እጀታው ላይ ሊያሳርፍ።

ያን ጊዜ ነው የሚገባኝ። ይሄኛውን ማን እንደሠራው እሱም አያውቅም።

መዶሻው አየር ላይ ይቆያል። አይወርድም።