ታናሽየዋ በር ላይ
መንፈስ በሚታይበት የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የሞተችውን ታናሽ እህት የምትጫወተው ልጅ፣ ፊቷ በፓውደር ነጥቶ በሩን አንኳኳች። የመጨረሻ ትዕይንቷ ነበር፤ በጽሑፉ መሠረት ታላቅ እህቷ በሩን ከፍታ «አላውቅሽም፣ ሂጂ!» ትላትና መልሳ ትዘጋባታለች፣ በቃ።

ታላቋን የምትጫወተው ተዋናይ የገዛ ታናሿን የቀበረችው በቅርቡ ነበር። ጠዋት አዘጋጁ «የዛሬው ቀረጻ ይቅርብሽ ወይ?» ቢላት «ሥራ ሥራ ነው» ብላው አለፈች።

አሁን በሩን ከፈተች። እጇን ዘርግታ የልጅቷን የቀሚስ ኮሌታ ቀስ ብላ አቃናችላት።

«ምነው እንዲህ ቆየሽ?» አለቻት።

ጽሑፉ ላይ እንዲህ የሚል አልነበረም። ልጅቷ ዞር ብላ አዘጋጁን አየችው፤ አቀርቅሯል፣ «ቁረጡ» ብሎ ቀረጻውን የሚያስቆምም ጠፋ።

«መንገዱ ርቆብኝ ነው፣ እትዬ» አለችና ገባች።