በመጋላ የቆመው ጥላ

በዛሬው ዕለት፣ በድሬ፣ በመጋላ ሰፈር፣ ከገበያው ጥግ፣ ጥላ መቆሙ በድምፅ ማጉያ ተበሰረ።

አብሳሪው ግሩም ነበር፤ የወጣቶች ክበቡ የአመራርና የቡድን ሥራ አሠልጣኝ። ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ ይህ ሸራና እንጨት ብቻ እንዳይመስላችሁ አለ። በአራቱ ማዕዘን አራቱን እንጨት የያዙት ልጆች ፈገግ አሉ። ከጠዋት ጀምሮም ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

ዱኒያ የፊተኛውን እንጨት ይዛለች። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ የቡድኑ መሪ። ከሩቅ ለሚያያት እንጨቱን ተደግፋ የቆመች ትመስላለች። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ የተደገፈው እንጨቱ ነው። ብትለቀው ሸራው ከሥሩ በተቀመጡት ቲማቲም ሻጮች ላይ ይወርዳል። ለእንጨቶቹ ጉድጓድ አልተቆፈረም።

ለምን እንዳልተቆፈረ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በሥልጠናው ላይ መሪ አይቆፍርም፣ ያስቆፍራል ተብላለች። እሷም ትናንት ሥራውን አከፋፈለች፤ ለየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ሰው፣ ፀሐይ በረድ ሲል። ድሬ ላይ ፀሐይ በረድ ሲል የተባለ ነገር የሚሆነው ፀሐይዋ ከፈቀደች ነው። አንዱ፣ ጓደኛዬ ይጀምረዋል ብሎ፣ ኳስ ሜዳ ዋለ፤ ጓደኛውም እሱን አምኖ ጋደም አለ። ዱኒያ መጥታ ስታይ መሬቱ እንደነበረ ነው። ዶማው እዚያው ነበር፤ አንስታ መጀመር ትችል ነበር። ስብሰባ ጠራች። ስለ ቅንጅት ጉድለት ተወያዩ። ጥሩ ውይይት ነበር፤ ሁሉም ሐሳብ ሰጠ፤ መሸ።

ይሄስ ባልከፋ። የከፋው ዛሬ ጠዋት ያደረገችው ነው።

የዚህ ጥግ ነባር ሀዎ ናት፤ ዱኒያ ሳትወለድ ጀምሮ እዚሁ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጣለች። የራሷ ጥላ ነበራት፤ ጆንያ በጆንያ የተሰፋ፣ ዘንበል ያለ፣ ግን በራሱ የሚቆም። ዱኒያ ራሷ ሄዳ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና፣ «አዴ ሀዎ፣ ይሄን አንሺው፤ ፎቶ ያበላሻል። አዲሱ እኮ የዘላለም ነው» አለቻት። ሀዎ አልተከራከረችም። ጆንያውን ከቡድኑ ልጆች አንዱ፣ ሙስአብ፣ አፈራርሶ ለቆሻሻ ጋሪው ሰጠው። ጋሪው ከሄደ ቆይቷል።

አሁን ክንዷ እየዛለ ሲሄድ፣ ያ ዘላለም ምሳ ሰዓት እንኳ እንደማይደርስ ታወቃት።

ሙስአብ ቀጥሎ ያለውን እንጨት ይዟል። ፊት ለፊት ወደተቀመጡት እንግዳ እያየ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ጠየቃት።

«ወላሂ ዱኒያ፣ እንግዳው ሲሄድስ?»

«ፈገግ በል።»

«ፈገግ ብያለሁ እኮ አቦ። ሲሄድስ?»

እንግዳው ሲሄዱ ልጆቹም ይለቃሉ፣ ሸራው ይወርዳል፤ ሀዎም ባዶ ፀሐይ ላይ ትቀራለች።

ከቢሮ የመጡት እንግዳ ተነስተው ጥላውን ዞር ዞር ብለው ጎበኙ። ዱኒያ ጋ ሲደርሱ እንጨቱን ከላይ ወደ ታች ተመለከቱት። ታች ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ግሩምን አዩት፤ ግሩም የድምፅ ማጉያውን አየ። ጠንካራ ሥራ ነው አሉና ራቅ ብለው ቆሙ፤ ከሸራው ውጭ፣ ጠራራው ላይ።

መናገር የነበረባት ያን ጊዜ ነው። አፏን ከፍታም ነበር። ግን ካሜራው ወደ እሷ ዞረና፣ የተከፈተው አፍ ሣቅ ሆኖ ፎቶ ተነሣ።

ሀዎ ቲማቲሟን ትደረድራለች። አንዴ ብቻ ቀና ብላ የዱኒያን ክንድ አየች። ዱኒያ ዓይኗን ወደ ሸራው አሸሸች። ባትቆጣኝ ብላ ተመኘች፤ ወዲያው ደግሞ ምነው በተቆጣችኝ አለች በሆዷ።

እንግዳው ንግግር አደረጉ። ስለ ወጣቱ፣ ስለ ነገ፣ ስለ መተባበር። ንግግሩ የቢሮ ንግግር ነበር፤ ማራገቢያ ያለበት ክፍል የተጻፈ። ላቡ በዱኒያ ጀርባ እየወረደ ወገቧ ላይ ተጠራቀመ። የኋላዎቹን እንጨቶች ከያዙት ሁለቱ፣ ሳቢሪን ማቃሰት ጀምራለች፤ በድሩ እጁን ሲቀያይር ሸራው አንድ ጎኑ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። ሁሉም እንዳላየ አለፈው።

በመጨረሻ እንግዳው፣ ይህን ጥላ ላቆሙልን ወጣቶች በተለይም ለመሪያቸው የሞቀ ጭብጨባ አሉ። ልማድ ሆኖባቸውም ጨመሩበት፤ «እናንተም ለራሳችሁ አጨብጭቡ፣ ልጆች።»

ግሩም አጨበጨበ። ሰዉም ተከተለው። አራቱ ልጆች አላጨበጨቡም። እንግዳው ያሉት ነገር የገባቸው ካሉት በኋላ ነው፤ መሐረባቸውን አውጥተው ግንባራቸውን ይጠርጉ ጀመር። ጭብጨባው ሳሳ፣ ሳሳና ቆመ።

ሀዎ ጉልበቷን ተደግፋ ተነሣች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና፣ እንጨቱን ከዱኒያ እጅ ከፍ ብላ ያዘችው።

«አጨብጭቢ አቦ» አለቻት ቀስ ብላ። «እኔ እይዝልሻለሁ።»

ዱኒያ አልለቀቀችም። ሀዎ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው፤ ያለ ቁጣ፣ ከሕፃን እጅ ቢላ እንደሚወስዱት። ሌሎቹ ሻጮችም ምንም ሳይባባሉ ተነሥተው ወደየማዕዘኑ ሄዱና እንጨቶቹን ከልጆቹ ተቀበሉ።

ዱኒያ ሁለት እጆቿን ወደፊት እንደዘረጋች ቀረች። በአዲሱ ጥላ ሥር የተቀመጠው ቲማቲሙ ብቻ ነበር።