አራሚው የጨረሰው ፊልም

"እማዬ፣ ሰዎቹ ምን ያስቃቸዋል?" አለችኝ ልጄ ኢክራም።

በወጣትነቴ የዘፈንኩበትን ፊልም አብረን እያየን ነበር። የመርካቶ ተሸካሚዎች መንገድ የዘጋባቸውን ሹም ከበው እየጨፈሩ ያሾፉበታል፤ ያውም ከአማርኛ፣ ከጉራጊኛ፣ ከኦሮምኛና ከጣሊያንኛ በተለቃቀመው የሰፈራችን ቋንቋ። እኔ ደግሞ ከፊት ሆኜ ሆዱን በጣቴ እየጠቆምኩ፣ "መንገዱስ ሰፊ ነው፣ ሆድህ ነው የዘጋው!" እለዋለሁ። ያኔ ሲኒማ ቤቱ በሳቅ ፈርሶ ነበር።

ኢክራም ግን ጆሮዋ ውስጥ አራሚ የሚሉት ትንሽ መሣሪያ አለ። ዛሬ ዛሬ እንደ ክትባት ገና ሲወለድ ለሕፃን ሁሉ ይደረጋል፤ የተሰማውን ሁሉ ወደ ጨዋ አማርኛ ይመልሳል።

"ምን አልኩት?" ብዬ ጠየቅኳት።

"'ክቡር ሆይ፣ መንገዱን ስላሰፉልን እናመሰግናለን' ነው ያልሽው።"

ደሜ ፈላ። "እኔ ነኝ እሱን የማመሰግነው? ይሄን ሆዳም!" ብዬ ጮህኩባት።

"እሺ እማዬ፣ በጣም እንደምታከብሪው ገባኝ" አለች ፈገግ ብላ።

አሁንስ አንገፈገፈኝ! አራሚውን ከጆሮዋ መንጭቄ አውጥቼ ሶፋው ላይ ወረወርኩት። "በይ አሁን ስሚ!" አልኩና በሻከረው ድምፄ፣ እንደዚያ ሹም ሆዴን ነፍቼ፣ ዘፈኑን ራሴ ዘፈንኩላት።

አልሳቀችም። ከንፈሬን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና፣ "እማዬ፣ ይሄ የየት አገር ቋንቋ ነው?" አለችኝ።

እኔ ሌላ ቋንቋ መች አውቅና። እሹሩሩ ብዬ ያሳደግኳትም በዚሁ ነው።